በየወሩ የምትደውለው ልጅ

ሻርጃ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለጀዋሂር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከዚህ ክፉ በሽታ አንቺንም፣ ባልሽን ደርዊሽንም፣ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ጎረቤትሽንም ሁሉ ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ማዳም ቤት ውስጥ በስልክ ሳወራ ስለማትወድ ያው እንደ ልማዳችን ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ኢንተርኔት ተቋርጦባችሁ የሰነበታችሁ ጊዜ እየጻፍኩ ስቀድ ነው የከረምኩት። አሁን ግን ሳልልክ ብቀር እፈነዳለሁ።

እስኪ ንገሪኝ፣ እናቴን በየወሩ እየደወለች የምታዋራት ልጅ ማናት?

እኔ ከእማ ጋር የማወራው ማዳም እህቷ ቤት ስትሄድ፣ አርብ አርብ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያቺን ትንሽ ደቂቃ ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቃት እውላለሁ። ባለፈው አርብ ደወልኩ። «እማ እንዴት ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።» «ግፊትሽስ?» «ደህና ነው።» «ሱቁስ?» «ደህና ነው፣ አብሽሪ።» አለቀ። የኔ ድርሻ ይቺው ናት። ከዚያ ስለ ልጅቱ ጀመረች። ወላሂ ድምጿ ራሱ ተለወጠ! «አንዲት ልጅ በየወሩ ትደውልልኛለች፣ የኮሮና ጥናት ነው፣ አቤት ሥርዓቷ! ‹እርስዎ› ነው የምትለኝ። ስናገር አታቋርጠኝም።»

አታቋርጠኝም! ይሄ ለማን እንደተባለ ገብቶኛል።

ደግሞ ምን ምን እንደተጨዋወቱ ልንገርሽ። ልጅቱ «ምርጫው መራዘሙን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» ብላ ጠየቀቻት። እማ ደግሞ «ሰው እየታመመ ሰልፍ ምን ያደርጋል፣ ይቆይ። ግን እስከ መቼ እንደሆነ ቁርጡን ይንገሩን» ብላ መለሰች። እናቴ ስለ ምርጫ ሐሳብ አላት እንዴ? ይሄን ሁሉ ዘመን ልጇ ሆኜ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ክትባት ቢመጣ ይከተባሉ ወይ ስትላት «መጀመሪያ ሐኪሞቹ ይከተቡና አያለሁ» ብላታለች። የሚገዙትን ሳሙና ቀይረዋል ወይ ስትላት ደግሞ «እኔ እኮ ሳሙና ሻጭ ነኝ!» ብላት ተሳስቀዋል። ተሳስቀዋል ነው የምልሽ!

አንቺ የምትሠሪው እንዲህ እየደወሉ ሰው የሚጠይቁበት መሥሪያ ቤት ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ድምፅሽን ለውጠሽ የምትደውይላት አንቺ ነሽ? ትንሽ ሆነሽ ቤታችን ስትገቢ የእናቴን ግማሽ ወስደሻል፣ ምንም አላልኩም። አሁን የቀረኝን አርብ ልትወስጂብኝ ከሆነ ግን አልምርሽም። አጣሪና ጻፊልኝ። አረፋውን በጤና ያድርስሽ።

ፈርሃት

———

ቱሉ ዲምቱ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈርሃት፣

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። ያለሽበትን ቤት አላህ የሰላም ቤት ያድርግልሽ፣ የምትጦሪያቸውን የማዳምሽን እናትም ያሽርልሽ። እኛ ጋ ሁሉም ሰላም ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ በሳቅ ፈረስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ።

እኔ አይደለሁም። እኔ ብደውልማ ገና «ሀሎ» ስል ታውቀኝ የለ! ደግሞ እኔ አሁን አልደውልም፣ ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። ኮሮና ከገባ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ሁላችንንም ወደየቤታችን ስለበተነን፣ እዚህ አራተኛ ፎቅ መኝታ ቤቴን ዘግቼ፣ ሄድፎን አድርጌ፣ የሚደውሉት ልጆች የቀዱትን ቃለ መጠይቅ እሰማለሁ። በትክክል ጠይቀዋል አልጠየቁም እያልኩ አጣራለሁ። ውሃ መጣች ተብሎ ባልዲ ይዤ የምሮጠውም በዚያው መሃል ነው።

የሰዉን ስልክ ቁጥር የሚመርጠው ኮምፒውተር ነው፣ ዕጣ እንደማውጣት ነው። ዕጣው የወጣለት ሰው ስድስት ወር በየወሩ ይደወልለታል፣ ሐሳቡ ተለውጦ እንደሆነ ለማየት። ጤናውን፣ ፖለቲካውን፣ ገበያውን ይጠየቃል። አክስቴም ወጥቶላት ይሆናል። የኛ መሥሪያ ቤት ይሁን የሌላ ግን አላውቅም፣ ባውቅም አልነግርሽም። የሰው መልስ ለማንም እንዳይነገር ፈርመን ነው የገባነው። ለልጅም ቢሆን።

አሁን ወደ ግማሹ እንምጣ። እናቴ ስትሞት አክስቴ አንስታ አሳደገችኝ፣ እውነት ነው። አንቺ ጡቷን የጠባሽው በኔ ትቀኛለሽ? መቅናት ያለበት ማን እንደሆነ ልንገርሽ። ቃሊቲ ድረስ በሳምንት ሁለቴ እሄዳለሁ። ማስኬን አድርጌ ደጅ እቆማለሁ፣ እሷ ውስጥ ሆና ታዋራኛለች። «እንዴት ነሽ አክስቴ?» «ደህና ነኝ፣ ፈርሃት ደውላ ነበር።» «መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?» «አዎ ደህና ነኝ፣ ፈርሃት እኮ ባለፈው ምን አለችኝ መሰለሽ...» በሚኒባስ ተጋፍቼ፣ ለበሽታ ተጋልጬ የምሄደው ያንቺን ወሬ ልሰማ ነው።

ስለ ሱቁ ምንም አልጻፍሽልኝም እንዳትዪኝ። ሱቁ ያው አለ። ሌላውን እሷን ጠይቂያት።

ጀዋሂር

———

ሻርጃ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለጀዋሂር፣

ሰላምታዬ አንቺ ወዳለሽበት ይድረስ፣ አላህ ልብሽን ያራራልኝ።

ስሟን አገኘሁት። አስካለች ትባላለች። እማ ራሷ ነገረችኝ፣ ሳልጠይቃት። የአረፋ ዕለት ማዳም ፈቅዳልኝ ረዘም አድርጌ ላዋራት ደወልኩ። እንኳን አደረሰሽ ተባባልን። ከዚያ እማ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «በይ ስልኩን አልያዘው፣ ወሩ ስለደረሰ ያቺ ልጅ ልትደውል ትችላለች።» በኢድ ቀን! አንድ ልጇ ከባሕር ማዶ ደውላ! ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁና የታጠበውን ሳህን ሁሉ መልሼ አጠብኩት።

ቀናሁ ጀዋሂር። ሌላ ስም አላወጣለትም፣ ቅናት ነው። እህል አይወርድልኝም። አሮጊቷን ሳጥብም ሳጎርስም አስካለችን ነው የማስባት። ድምጿ እንዴት ያለ ቢሆን ነው? እናት የላትም ወይ? የሰው እናት «እርስዎ፣ እርስዎ» እያለች ለማዋራት ደመወዝ የሚከፈላት! ሼም አይደለም እንዴ? ለደመወዝ ነው እንጂ እማ ብትሞት አታለቅስ!

ባንቺ ስቀና ቢያንስ አውቅሻለሁ፣ ስትተኚ እንደምታንኮራፊም አውቃለሁ። ይቺን ግን በምን ልያዛት?

አልፈልጋትም። የእማን ቁጥር ከዚያ ኮምፒውተር አውጪልኝ። ማውጣት አይቻልም ካልሽ ደግሞ ምን ምን እንደነገረቻት ንገሪኝ። የምርጫውንና የሳሙናውን ነግራኛለች። ያልነገረችኝን ነው የምፈልገው። እማ ስትስቅ የሆነ ነገር ይዛ እንደሆነ አውቃለሁ።

ፈርሃት

———

ቱሉ ዲምቱ፣ መስከረም 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈርሃት፣

አዲሱ ዓመት በሽታውን ጠርጎ የሚወስድ፣ አንቺንም ካገርሽ የሚያገናኝ ይሁንልሽ። ስለዘገየሁ አትቆጪኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ቸግሮኝ ነው።

እንዳጣራ ከተላኩልኝ ቅጂዎች አንዱን ከፈትኩ። የሠራችው አስካለች የምትባል ልጅ ናት። በስልክ እንጂ በአካል አላውቃትም፣ ኮሮና ከገባ በኋላ ነው የተቀጠረችው። «ጤና ይስጥልኝ፣ ባለፈው ወር አነጋግረውኝ ነበር» ትላለች። ከዚያ «አቤት የኔ ልጅ፣ ስጠብቅሽ ነበር» የሚል ድምፅ መጣ። አክስቴ ናት።

የምናውቀው ሰው ሲገጥመን ዘግተን ለሌላ ሱፐርቫይዘር ማስተላለፍ ነው ሕጉ። እጄ ማውዙ ላይ ነበር። አልዘጋሁም። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። በማግስቱ ለአለቃዬ ለጋሽ ፍቅሩ ነግሬ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ተቆጥቶኛል፣ ተገቢዬ ነው።

የሰማሁትን አልነግርሽም። አትጩሂብኝ። ያልሰማሁትን ግን ልንገርሽ፣ «ደህና ነኝ» የሚለውን አልሰማሁም።

እኔም ቀናሁ ፈርሃት። አሁን ነው የገባኝ በዚያ ሁሉ ገጽ የጻፍሽልኝ። አስካለች አንድ ጥያቄ አንብባ ዝም ትላለች። አክስቴ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ትናገራለች፣ ሳትደብቅ፣ ሳታሳጥር። እኔ እዚያ ቤት አድጌ፣ እሷ ጠጉሬን እየሠራችኝ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ እንዲያ ስትናገር አንድ ቀን አልሰማሁም። ሄድፎኑን አውልቄ አለቀስኩ። ደርዊሽ «ማን ሞተ?» ብሎ እየሮጠ መጣ። «ማንም አልሞተም፣ ቀንቼ ነው» አልኩት። ጤነኛ መሆኔን ተጠራጠረ።

አስካለችን ግን አትስደቢያት። ደመወዝ ተከፍሏት የሰው እናት ታዋራለች ብለሻል። አንቺስ ደመወዝ ተከፍሎሽ የሰው እናት እያጠብሽ አይደል? አሮጊቷን አትወጃትም ማለት ነው?

ማድረግ የምችለውን አደርጋለሁ። አንቺም ስትደውይ እንዴት ነሽ ብለሽ ብቻ አትለፊያት።

ጀዋሂር

———

አጅማን፣ ጥቅምት 1 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጀዋሂር፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የጻፍሽው ደርሶኛል፣ ባይደርሰኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሰምቻለሁ ግን አልነግርሽም» ማለት ምን ማለት ነው? ዘመድ ነሽ ወይስ ግድግዳ? አንዷ ትጠይቃታለች፣ አንዷ በሄድፎን ታዳምጣታለች፣ እኔ ብቻ ውጭ ቆሜ ቀረሁ። ታማለች? ይሄን ብቻ መልሺልኝ። ሌላውን ለመሥሪያ ቤትሽ አስቀምጪው።

ስለ አሮጊቷ የጻፍሽውን አይቼዋለሁ። እወዳት ነበር። ይሄን እንኳ አንቺ ልትጠይቂኝ አይገባም ነበር።

ሌላው፣ የዛሬ ዓመት በሰው እጅ የላክሽልኝን በርበሬ አሁን ብከፍተው ምንም ሽታ የለውም። አፍንጫዬን ከትቼበት ሁሉ አየሁ፣ ባዶ። ምን አስፈጭተሽ ነው የላክሽልኝ፣ ሸክላ? ለኔ ሲሆን እንዲህ ነው። ለእማ የምልክላት ይዘገያል በያት፣ ባንክ አካባቢ ነው ችግሩ። ደክሞኛል፣ ብዙ አልጽፍም።

ፈርሃት

———

ቱሉ ዲምቱ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈርሃት፣

አላህ ሰላምሽን ያብዛው፣ ድካሙንም ያንሳልሽ። ይሄን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ቅዳሜ ደርዊሽ በሚነዳት ሚኒባስ አክስቴ ጋ አደረሰኝ። ከማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ያሉት ሱቆች፣ የሷም ጭምር፣ እንደተዘጉ ናቸው። በኮሮና ምክንያት እስረኛ መጠየቅ ከቆመ ወዲህ ማን ይመጣል? ያ ሁሉ እስረኛ ጠያቂ ስልኩን እሷ ጋ አስቀምጦ፣ ሳሙናና ሶፍት ከሷ ገዝቶ ይገባ አልነበር? የለም። የስልክ ማስቀመጫው ሣጥን ባዶውን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከመጋቢት ጀምሮ እንዲህ ነው። እንዳልነግርሽ በአላህ አስምላኝ ስለነበር ነው «ሱቁ ያው አለ» ያልኩሽ። አሁን የምጽፈው ራሷ ፈቅዳልኝ ነው።

የግፊት መድኃኒቷን ገዝቼ ይዤላት ነበር። ከቅጂው የሰማሁትን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። መድኃኒት ይዤ አክስቴን እንዳልጠይቅ ግን ማንም አላስፈረመኝም። ፌስታሉን አየችና ፊቷ በራ።

«ፈርሃት ናት የላከችሽ?» አለችኝ።

«የለም፣ እኔው ነኝ።»

«አትዋሺኝ። ለልጅቱ ነግሬያት ነበር። እንደሚደርሳት አውቄያለሁ።»

«ለየትኛዋ ልጅ?»

«ለአስካለች ነዋ! ፈርሃት ለላከቻት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም ስንደውል መጀመሪያ «ጥናቱን የሚያሠራው ውጭ አገር ያለ ድርጅት ነው» ብለን እናነባለን። አክስቴ በመጀመሪያው ቀን «ከውጭ ነው የተላክሽው?» ብላ ጠይቃታለች። አስካለችም «አዎ እማማ፣ ከውጭ ነው» አለቻት። ለአክስቴ ውጭ ማለት አንቺ ነሽ። በቃ፣ ሌላ ሰው ውጭ የላትም።

«ለራሷ እንደማልነግራት ታውቃለች እኮ» አለችኝ ቁጭ ብላ። «እኔ እዚህ በር ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጬ ያየሁት ይሄንኑ ነው። የታሰረው ልጅ ለእናቱ ደህና ነኝ ይላታል፣ እናትየውም ደህና ነኝ ብላው ትወጣለች። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤቷን ትልካለች። ጎረቤቷ ‹በልተሃል? አሞሃል? ብርድ ልብስ አለህ?› ብላ አንድ በአንድ አውጣጥታው መጥታ ለእናትየው ትነግራታለች። የኔም ልጅ ይሄን አይታ ያደገች ናት። የማላውቃትን ልጅ ላከችብኝ። ብልህ ናት ፈርሃቴ።»

ስለዚህ ለአስካለች የተናገረችው ሁሉ ላንቺ ነው። ሱቁ መዘጋቱን፣ ጤና ጣቢያ በሽታው ይይዘኛል ብላ መሄድ ፈርታ መድኃኒቷን ለሁለት እየቆረጠች ስትወስድ መክረሟን፣ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ እንደሚያዞራት። የምርጫውንም ቢሆን «ሐሳቤን ማወቅ ፈልጋ ነው ያስጠየቀችኝ» ነው የምትለው። ስትጠየቅ ደስ ብሏታል ፈርሃት። አሁን ሙሉውን እየወሰደች ነው፣ ሰኞ ደርዊሽ ጤና ጣቢያ ያደርሳታል።

እውነቱን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ አቃተኝ። የዚህ ወር ጥሪ የመጨረሻው ዙር ነው፣ ከዚያ በኋላ አስካለች አትደውልም። ምን እንደምንላት አንቺ ወስኚ።

እኔ ግን ቅናቴ ባሰብኝ። መድኃኒቱን የገዛሁት እኔ፣ ተሸክሜ የመጣሁት እኔ። እሷ ግን እኔ እዚያው ፊቷ ቆሜ እጇን ዘርግታ «አላህ ፈርሃቴን ይጠብቅልኝ» ብላ አንቺን መረቀች! ከዚያ ወደ ኔ ዞር ብላ «አንቺም ተባረኪ» አለችኝ። «አንቺም!» ደርዊሽ እስካሁን ሙድ ይይዝብኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽ አናት ላይ አጅማን ይላል። ሻርጃ አልነበርሽም? በርበሬውን ደግሞ እኔም ካንቺው ጋር አንድ ላይ ያስፈጨሁትን ነው የምበላው፣ ገና ሲከፈት ያስነጥሳል። ቀኑን ሙሉ በሄድፎን የምሰማው ጥያቄ አለ፣ «ሽታ ማጣት አጋጥሞዎታል?» የሚል። ፈርሃት፣ ደህና ነሽ?

ጀዋሂር

———

አጅማን፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጀዋሂር፣

እጅሽ ይባረክ፣ ለእናቴ የገዛሽው መድኃኒት ቤትሽን ያቁምልሽ። እንግዲህ ምርቃቱን እኔ ሰጠሁሽ፣ «አንቺም» ሳልጨምርበት። ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። አጅማን ለጊዜው ነው፣ የሥራ ጉዳይ ነው። በርበሬውን ተዪው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ «ውጭ ማለት አንቺ ነሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን አልቻልኩም። አሁን በማን እንደምቀና ታውቂያለሽ? ባንቺ አይደለም። በአስካለችም አይደለም። እማ ጭንቅላቷ ውስጥ ባለችው ፈርሃት ነው። ያቺ ፈርሃት ብልህ ናት። ሰው ልካ እናቷን ታስጠይቃለች። ስለ ምርጫ የእናቷን ሐሳብ ማወቅ ትፈልጋለች። እኔ ያቺን ልጅ አላውቃትም። እኔ የማውቀው አርብ አርብ «ግፊትሽስ፣ ሱቁስ» እያለች ተሯሩጣ ስልኩን የምትዘጋውን ነው። እማ የምትመርቀው ያቺን ነው፣ እኔን አይደለም። በገዛ ስሜ ቀናሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

እውነቱን አትንገሪያት። እኔ እጨርሰዋለሁ። የምትጠይቋቸውን ጥያቄዎች ላኪልኝ፣ ሁሉንም፣ ከነሳሙናው።

ፈርሃት

———

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር 1 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈርሃት፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለዩ። መጠይቁ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ አልልክልሽም። ቆይ፣ ጨርሺውና ተሳደቢ።

ጥያቄውን ራስሽ ታውቂዋለሽ። የማታውቂው አጠያየቁን ነው። አዲስ ልጆች ሲቀጠሩ የማስተምራቸውን ልንገርሽ። «ደህና ነሽ?» ብለሽ አትጀምሪ፣ እሱ ሰላምታ ነው፣ የሚመለስልሽም ሰላምታ ብቻ ነው። «ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ» ብለሽ ጀምሪ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ። ከጠየቅሽ በኋላ ዝም በዪ፣ ላንቺ ከባዱ ይሄ ነው። መልሱን አንቺ አትመልሺላት። ስትነግርሽ አትደንግጪ፣ አታልቅሺ፣ «ለምን አልነገርሽኝም» እንዳትዪ። ካልሽ ሁለተኛ አትነግርሽም። «አዎ» ካለችሽ ዝም ብለሽ «ስንት ቀን?» በዪና ቀጥዪ።

አስካለች ጨርሳ ተሰናብታታለች። አክስቴ ትናንት «ፈርሃት ከዚያች ልጅ ጋር ተጣሉ እንዴ? ደህና ሁኚ አለችኝ» ብላ ጠየቀችኝ። አዝናለች። ቶሎ ደውዪላት።

ስለ አጅማን አልመለስሽልኝም።

ጀዋሂር

———

አጅማን፣ ኅዳር 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጀዋሂር፣

አንቺን እህት አድርጎ የሰጠኝ አላህ ምስጋና ይድረሰው። ደወልኩላት። አርብን አልጠበቅኩም።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ» አልኩ፣ «መድኃኒትሽን ሳትወስጂ የዋልሽበት ቀን አለ?»

ዝም አለች። እኔም ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም።

«አስካለችን ለምን አስቀረሻት?» አለችኝ።

«ከእንግዲህ ራሴ ነኝ የምጠይቅሽ። ቅር ይልሻል?»

«እሷ ትሻላለች፣ አንቺ ትቸኩያለሽ» አለች። ሳቀች። ከዚያ መለሰችልኝ። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ማዞሩ፣ ማታ ምን እንደምትበላ፣ ስለ ምርጫው እንኳ ጠየቅኳት። ምን እንዳለችኝ ግን አልነግርሽም። የሰው መልስ ለማንም አይነገርም። አሁን ደግሞ አንቺ ቅኚ።

ሁሉን ጠይቄያት ስጨርስ «ጨረስሽ?» አለችኝ። «ጨረስኩ።» «እንግዲያው ተራው የኔ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ሐሳብዎን ለመስጠት ፈቃደኛ ነዎት?» ልክ እንደ አስካለች፣ «እርስዎ» ብላ! በሳቅ ሞትኩ። ስድስት ወር ስትጠየቅ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች። «ፈቃደኛ ነኝ እማማ» አልኳት።

«ኮሮና ከገባ ወዲህ ትኩሳት፣ ሳል ወይም ሽታ ማጣት አጋጥሞዎታል?»

ሳቄ ቆመ። «ደህና ነኝ እማ» አልኳት።

«እሱን አልጠየቅኩዎትም። አዎ ነው ወይስ አይደለም?»

አዎ አልኳት። በርበሬሽ ምንም አልሆነም ጀዋሂር፣ አፍንጫዬ ነበር። ያለ ሐኪም ተኝቼ ነው የተነሳሁት።

«በሥራዎ ላይ ለውጥ አለ?»

አለ አልኳት። አሮጊቷ መስከረም ሲጠባ በበሽታው ሞተች። ማዳም ሐዘኑ ሳያልቅ፣ አንቺ ነሽ ያመጣሽባት ብላ ልብሴን በፌስታል አድርጋ በር ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔን የያዘኝ ከሷ ነው፣ እኔ ነበርኩ የማጎርሳት። አጅማን የመጣሁት ያገሬ ልጆች የተከራዩት አንድ ክፍል ስላለ ነው፣ በተራ ነው የምንተኛው። እማ ይሄን ሁሉ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። እንደዚያ ስትሰማኝ ያኔ ነው አስካለችን ለምን እንደወደደቻት የገባኝ።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ» አለች፣ «የሚበላ ጠፍቶ ሳይበሉ የዋሉበት ቀን አለ?»

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ጠበቀችኝ።

«አዎ» አልኳት።

አልደነገጠችም። አላለቀሰችም። ለምን አልነገርሽኝም አላለችም።

«ስንት ቀን?» አለችኝ።

ፈርሃት